ተሳፋሪ እያለው የተዘጋው አየር መንገድ፦ ከደብረ ብርሃን ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ወንድሜ አሜሪካ፣ ዴንቨር ኤርፖርት ላይ ሹትል ይነዳል። ግሬት ሌክስ የሚባል አነስተኛ አየር መንገድ ከትንንሽ ከተሞች ሰው እያመጣ ለትልልቆቹ ያስረክብ እንደነበር፣ በ2018 ግን በረራ እንዳቆመ ነገረኝ። ተሳፋሪ ነበረው ይላል። ተሳፋሪ ያለው ድርጅት እንዴት ይዘጋል? የምጠይቅዎ እንዲሁ አይደለም። እኛም ጥቂት ነጋዴዎች ተሰባስበን 19 ሰው የሚይዝ አውሮፕላን በመከራየት ደብረ ብርሃንን፣ መሐል ሜዳንና ዓለም ከተማን ከቦሌ ጋር ብናገናኝ እያልን ነው። መንገዱ አንዳንዴ እንዴት እንደሚሆን ያውቁታል። ያዋጣናል?»

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅከኝ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው። የኔ ሙያ የበረራ መስመር ጥናት ነው። አንድ መስመር ከመከፈቱ በፊት ስንት ሰው ይሄዳል፣ ስንት ይከፍላል፣ የትኛው አውሮፕላን ይመደብ የሚለውን ማስላት ማለት ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ አገሬ ነው። ስለዚህ ጆሮህን ደስ የሚለውን ሳይሆን ኪስህን የሚያድነውን ብነግርህ ይሻላል። አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ፦ ብሩን ገና አታውጡ። ምክንያቱን ከግሬት ሌክስ ታሪክ ጀምሬ ላሳይህ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ድርጅቱ በ1977 አዮዋ ግዛት፣ ስፔንሰር በምትባል ትንሽ ከተማ ተቋቋመ። መሥራቾቹ ዳግ ቮስና አይቫን ሲምፕሰን ናቸው። በ1981 ከስፔንሰር ወደ ደሞይን መደበኛ በረራ ጀመሩ። ጊዜው ተመችቷቸው ነበር። እስከ 1978 ድረስ አሜሪካ ውስጥ የትኛው አየር መንገድ የት እንደሚበር፣ ስንት እንደሚያስከፍልም የሚወስነው መንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ገበያው ተለቀቀ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ከተሞች እየተዉ አውሮፕላኖቻቸውን ወደሚያዋጣቸው መስመር አዞሩ። መንግሥትም ይህ እንደሚመጣ ስለገመተ በዚያው ሕግ ለሚተዉት ከተሞች የድጎማ ፕሮግራም አበጀ። ከተማዋን የሚያገለግለው ኩባንያ በውድድር ይመረጣል፤ ከትኬት የማይሸፈነውን ወጪ መንግሥት ይከፍላል። እነግሬት ሌክስ ያደጉት በዚህ ክፍተት ነው።

ድጎማው ግን ብቻውን አያቆምም። ከትንሽ ከተማ የሚነሳ ተሳፋሪ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ያለው የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ አይደለም። ከዚያ አልፎ ወደ ኒውዮርክ ወይ ወደ ሎስ አንጀለስ ይሄዳል። ትኬቱ አንድ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ሻንጣውን አንዴ አስረክቦ መጨረሻው ላይ መቀበል ይፈልጋል። በረራው ቢዘገይ ደግሞ የሚቀጥለው ላይ የሚያሳፍረው ሰው እንዲኖር ይፈልጋል። ይህን ለማግኘት ከትልቅ አየር መንገድ ጋር መጣመር ግድ ነው። እንዲህ ከትንንሽ ከተሞች ሰው እያመጣ ለትልቁ የሚያስረክበውን አየር መንገድ «መጋቢ» እንለዋለን።

ግሬት ሌክስ መጀመሪያ ቺካጎ ላይ ከሚድዌይ አየር መንገድ ጋር ተጣመረ። ሚድዌይ በ1991 ከስሮ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ከዩናይትድ ጋር ተዋዋለና በዩናይትድ ኤክስፕረስ ስም መብረር ጀመረ። በ1997 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጥገናና በአሠራሩ ላይ ጥያቄ ሲያነሳበት በረራውን ለጥቂት ቀናት ለማቋረጥ ተገደደ። በ1998 ዩናይትድ ዴንቨር ላይ ከሌላ መጋቢ ጋር የነበረውን ውል ሲያቋርጥ መስመሩ ለግሬት ሌክስ ደረሰው። ወንድምህ የሰማው የዴንቨር ዘመን የተጀመረው ያኔ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱም ሻየን፣ ዋዮሚንግ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ሚድዌይ ሲዘጋ ግሬት ሌክስ ምን አጠፋ? ምንም። ዴንቨርን ሲያገኝስ ምን የተለየ ሥራ ሠራ? ሌላው ስለወጣ ገባ። ማደጉም መውደቁም የሚወሰነው ሌላ ሕንጻ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ብትሄድ ይህን ያዝልኝ። መጋቢ አየር መንገድ ተሳፋሪው የራሱ አይደለም፣ ትኬቱ የራሱ አይደለም፣ አብራሪው እንኳ ልምድ ሲያገኝ የራሱ አይደለም።

ትኬቱን እንይ። በትልቁና በመጋቢው መካከል ሁለት ዓይነት ውል አለ። በአንደኛው ትልቁ አየር መንገድ በረራውን በሙሉ ይገዛል። አውሮፕላኑ ሞላም ባዶ ሄደም ለመጋቢው የተስማሙበት ክፍያ ይገባለታል። በሁለተኛው ከእያንዳንዱ ትኬት የተሰበሰበውን ይካፈላሉ። የኛ ገበሬ ልዩነቱን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። አንዱ ቅጥር ነው፣ ሌላው የእኩል እርሻ ነው። በእኩል እርሻ ዝናብ ከቀረ በሬውም ዘሩም ያንተ ኪሳራ ነው። ግሬት ሌክስ በአመዛኙ ይሠራ የነበረው በሁለተኛው ነው። በ2001 ደግሞ ከዩናይትድ ጋር የነበረው ግንኙነት ላላ። ትኬቱ በዩናይትድ በኩል መሸጡ ቢቀጥልም አውሮፕላኑ ላይ ያለው ስም የራሱ ሆነ፤ ኪሳራውም የራሱ ሆነ። ያ ዓመት የመስከረም 11ዱ የሽብር ጥቃት የደረሰበት ዓመት ነው። ያኔ የመብረር ፍላጎት እንዴት እንደወደቀ ሁሉም ያስታውሰዋል።

አከፋፈሉን በምሳሌ ላሳይህ። ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለማስረዳት ብቻ ነው። አንድ ሰው ከዋዮሚንግ ትንሽ ከተማ ተነስቶ በዴንቨር በኩል ዋሽንግተን የሚሄድበት ትኬት 300 ዶላር ነው እንበል። የመጀመሪያው በረራ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው 2,400 ገደማ። በርቀት ብቻ ቢካፈሉ ለመጋቢው የሚደርሰው 23 ዶላር ነው። ስምምነቶቹ ለአጭሩ መስመር ትንሽ ያደላሉ፤ ስለዚህ 50 ይድረሰው እንበል። በ19 መቀመጫ 12 ሰው ጭኖ ቢበር የሚያገኘው 600 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ነዳጅ፣ ሁለት አብራሪ፣ የማረፊያ ክፍያ፣ የሞተር ጥገና፣ ኢንሹራንስና የአውሮፕላን ኪራይ ይወጣል። ድጎማ ከሌለ በዚህ ገንዘብ አይኬድም።

አጭር በረራ ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። አውሮፕላን ዋናውን ድካም የሚያየው ሲነሳና ሲያርፍ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ የሞተር ሙቀት፣ የአካሉ መለጠጥና መኮማተር የሚቆጠረው በሰዓት ብቻ ሳይሆን በመነሳትና በማረፍ ብዛት ነው። በ25 ደቂቃ በረራ እያንዳንዷ የገቢ ደቂቃ ላይ የሚወድቀው የጥገና ወጪ ከረጅሙ በረራ ይበልጣል። ብዙ ባለሀብት ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። በኪሎ ሜትር ማስላት የለመደው ከመኪና ነውና አልፈርድበትም።

አሁን እናንተ ወዳሰባችሁት አውሮፕላን ልምጣ። ግሬት ሌክስ በዋናነት ያበር የነበረው ቢችክራፍት 1900ዲ የሚባለውን ባለ 19 መቀመጫ ነው። ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ አንድ አንድ መቀመጫ አለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው መስኮትም መተላለፊያም አለው። ጣሪያው ከፍ ስለሚል ብዙ ሰው ሳይጎነበስ ይቆማል። ሁለት ፕሮፔለር፣ ሁለት አብራሪ፣ አስተናጋጅ የለም። የደኅንነት ማስታወቂያውን የሚናገረው ረዳት አብራሪው ራሱ ነው። ለምን 19? በአሜሪካ ሕግ ከ20 መቀመጫ ጀምሮ የበረራ አስተናጋጅ ግድ ስለሚሆን ነው። በ19 ላይ ከቆምክ አንድ ደመወዝ ተረፈ። ነገር ግን ሁለቱ አብራሪዎች አይቀሩም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ የሚያሰማራው ኪው 400 ከ70 በላይ መቀመጫ አለው፤ እሱም የሚበረው በሁለት አብራሪ ነው። ያው የሁለት ሰው ደመወዝ አንድ ጊዜ ለ19፣ አንድ ጊዜ ለ70 ሲካፈል ልዩነቱን አንተው አስላው። በዚያ ላይ የ1900 ምርት ከ2002 ወዲህ ቆሟል። የምታገኙት ያገለገለ ነው።

ግሬት ሌክስን ለሞት ያበቃው ግን የአብራሪ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ለኛም የሚመጣው አደጋ ይኸው ነው።

ትንሽ አየር መንገድ ለአብራሪ መሰላል ነው። ወጣቱ ትምህርቱን ጨርሶ በዝቅተኛ ደመወዝ ይገባል፣ የበረራ ሰዓቱን ይሰበስባል፣ ከዚያ ትልቁ ጋ ይሄዳል። የሚወጣውና የሚገባው አብራሪ ተመጣጥኖ እስካለ ድረስ ችግር የለም። የካቲት 12 ቀን 2009 ኮልጋን ኤር የሚባል ሌላ መጋቢ አውሮፕላን ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ አጠገብ ወደቀ። አውሮፕላኑ እኛ የምናውቀው ኪው 400 ነበር። ጥፋቱ ከአውሮፕላኑ አልነበረም። ፍጥነቱ ሲቀንስ ማስጠንቀቂያው ሠርቷል፤ አብራሪው የወሰደው እርምጃ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ አንድ ሰው ሞቱ። የሟቾች ቤተሰቦች ሳይታክቱ ታገሉ። በ2010 ሕግ ወጣ፣ በ2013 ክረምት ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ረዳት አብራሪ ለመሆን 250 ሰዓት ይበቃ ነበር። አሁን 1,500 ሆነ። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከጦር ኃይል ለሚመጡ ቅናሽ አለ።

ቤተሰቦቹ የጠየቁት ደኅንነት ነው፣ መብታቸውም ነው። የሰዓት ቁጥሩ ላይ ግን ባለሙያዎች እስከዛሬ አልተስማሙም። የወደቀው አውሮፕላን ላይ የነበሩት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸውና። የቀረው የሥልጠናና የዕረፍት ጉዳይ ነበር። እኔ እዚህ ላይ ቁጥሩን ከሚጠራጠሩት ጋር ነኝ። ሰዓት ብቻውን አብራሪ አያደርግም።

ያም ሆነ ይህ፣ ሕጉ ሲጀምር የመሰላሉ ታች ተቆረጠ። ግሬት ሌክስ ይቀጥረው የነበረው ወጣት ያን ሁሉ ሰዓት ሌላ ቦታ ሰብስቦ መምጣት አለበት። ከሰበሰበ ደግሞ የተሻለ የሚከፍሉት ትልልቆቹ የክልል አየር መንገዶች ይጠብቁታል። ያሉትም አብራሪዎች ወደ ላይ መሄዳቸውን አላቆሙም። ከታች የሚገባ የለም፣ ከላይ የሚወጣው ግን ይወጣል። ድርጅቱ ምን አደረገ መሰለህ? ከአንዳንዶቹ አውሮፕላኖች አሥር አሥር መቀመጫ ነቅሎ አወጣ። ባለ 19ኙን ባለ 9 አደረገው። 9 እና ከዚያ በታች መቀመጫ ላለው አውሮፕላን የሚሠራው ደንብ ሌላ ስለሆነ በአነስተኛ ሰዓት ረዳት አብራሪ መቅጠር ይቻላል። ያው አውሮፕላን፣ ያው ነዳጅ፣ ያው ሞተር፣ ግማሽ የማይሞላ ገቢ። በሙያዬ ካየኋቸው ውሳኔዎች እንደዚህ የሚያሳዝነኝ የለም። ቆርጠው የጣሉት ትርፋቸውን ነበር፤ ሌላ አማራጭ ግን አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተከታታይ ነው። አብራሪ ሲጠፋ በረራ ይሰረዛል። በረራ የተሰረዘበት ሰው ዴንቨር ላይ ተያያዥ በረራው ያመልጠዋል። አንዴ ያመለጠው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ መኪናውን አስነስቶ ራሱ ዴንቨር ይነዳል። በዚህ ላይ አንድ ሌላ ሕግ አለ። በዓመት 10,000 ተሳፋሪ የሚያስነሳ ኤርፖርት ከፌዴራል መንግሥት በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር የማሻሻያ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ከዚያ በታች ከወረደ 150,000 ብቻ። ስለዚህ በረራ ሲሰረዝ ተጎጂው አየር መንገዱ ብቻ አይደለም፣ ከተማዋም ገንዘቧን ታጣለች። ከተሞቹ በድጎማው ጨረታ ላይ ሌላ ኩባንያ ይምጣልን ማለት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። አንድ በአንድ ከግሬት ሌክስ እጅ ወጡ። መጋቢት 26 ቀን 2018 መደበኛ በረራውን አቆመ።

ወንድምህ ተሳፋሪ ነበረው ማለቱ ልክ ነው። የጎደለው ተሳፋሪውን የሚያጓጉዝበት አብራሪና ወጪውን የሚሸፍንበት ውል ነው። ይህ የአንድ ድርጅት ብቻ ዕጣ እንዳይመስልህ። ኤክስፕረስጄት የሚባለው ከግሬት ሌክስ እጅግ የሚበልጥ መጋቢ ነበር። በ2020 ዩናይትድ ሥራውን ለሌላ መጋቢ ሰጠሁ ሲል በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ በረራ አቆመ። የኛም አየር መንገድ በሌሎች አገሮች በሽርክና ያቋቋማቸው አሉ። በ2010 ከቶጎዋ ሎሜ በረራ የጀመረው አስካይ ዛሬም ይሠራል። በ2018 የተጀመሩት የቻዱና የሞዛምቢኩ ግን አልዘለቁም።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ።

ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ከፍታውን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከቦሌ በ500 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ቀን ላይ ፀሐይ ስትወጣ የአየሩ ጥግግት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ክንፉ የሚሸከመው አየር ሳሳ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰውም ሳሳ ማለት ነው። ረጅም መንደርደሪያ ትፈልጋለህ፣ አለዚያ ሰው ወይ ጭነት ትቀንሳለህ። ይህ ግን አያግድም። ግሬት ሌክስ ራሱ በ1900ዲ ቴሉራይድ የምትባል የኮሎራዶ ተራራማ ከተማ ያርፍ ነበር። የቴሉራይድ ኤርፖርት ከፍታ 2,765 ሜትር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። መንደርደሪያው ግን ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የተነጠፈ ነው። ጉሙም ሌላ ነገር ነው። ጣርማ በርን በክረምት ያለፈ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። በመሣሪያ እየተመራ ማረፍ የማይቻልበት ሜዳ በእንዲህ ያለ አየር ግማሽ ክረምቱን ሥራ ይፈታል። ገንዘብ ካለ ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

መፍትሔ የማይገኝለት ርቀቱ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ላምበረት መናኸሪያ የተሳፈረ ሰው፣ የለገጣፎን መጨናነቅ ጨምረህ፣ በሦስት ሰዓት ግድም ይደርሳል። በአየር 20፣ 25 ደቂቃ ይሆናል። ያን 25 ደቂቃ ለመብረር ግን ቦሌ ቀድመህ ትደርሳለህ፣ ፍተሻ አለ፣ መሳፈር አለ፣ ተራ ጠብቆ መነሳት አለ፣ ወርዶ ሻንጣ መቀበል አለ፣ ከሜዳው ወደ ከተማ መግባት አለ። ተደምሮ ከአውቶቡሱ እምብዛም አይቀድምም። ትኬቱ ግን እጥፍ ድርብ ነው። በነገራችን ላይ የአሜሪካው የድጎማ ሕግ ከትልቅ ኤርፖርት በመኪና መንገድ 70 ማይል፣ ማለትም 113 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለችን ከተማ ጨርሶ አይደጉምም። እስከ 338 ኪሎ ሜትር ያለችን ከተማ ደግሞ ለአንድ ተሳፋሪ ከ200 ዶላር በላይ ላለመክፈል ገደብ ሲያደርግ ቆይቷል። የነሱ ሚዛን ይሠራብን ብንል ደብረ ብርሃን ለጥቂት ታልፋለች። ከዴንቨር ብዙ ኪሎ ሜትር ርቀው ተደጉመው እንኳ ያልዘለቁ ከተሞች አሉ።

ሌላም ጥያቄ አለ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ለምን ይሄዳል? መርካቶ ዕቃ ሊያመጣ፣ ሐኪም ቤት፣ ዘመድ ጥየቃ፣ ፍርድ ቤት። አውሮፕላኑ ግን የሚያወርደው ቦሌ ነው። የመጋቢ ተሳፋሪ ማለት ከቦሌ ወደ ዱባይ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥለው ነው። እሱ አለ፣ ዲያስፖራው በበዓል ይመጣል፤ ለፋብሪካዎቹና ለኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመጣ እንግዳም አለ። ነገር ግን በየቀኑ 19 መቀመጫ በሁለት አቅጣጫ ለመሙላት ይበቃል? ቁጥሩ ሳይሰበሰብ ማንም አዎ ሊልህ አይችልም። ለአጣዬና ለከሚሴ ሰው ደግሞ ኮምቦልቻ ይቀርበዋል፤ እዚያ በረራ አለ። ከናንተ አይሳፈርም።

መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ሌላ ናቸው። እነሱ ላይ ቃሌን አለሰልሳለሁ። ከጣርማ በር ወደ መንዝ የሚገነጠለው መንገድና የጀማ ሸለቆ ለወላድ እናት፣ ለታመመ ሰው ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። እዚያ የአውሮፕላን ጥቅም እውነተኛ ነው። ጥቅሙ ግን የሕይወት ማዳን ጥቅም ነው፣ በትኬት የሚከፈል አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው በየቀኑ የሚበር ድርጅት ሳይሆን የተጠረገች፣ ከብት የማይገባባት፣ ትንሽ አውሮፕላን ወይ ሄሊኮፕተር ሲጠራ የሚያርፍባት ሜዳ ናት። ገንዘቡም የሚመጣው ከመንግሥትና ከለጋሽ ነው፣ ከነጋዴ ኪስ አይደለም።

የመንገዱ መዘጋት የልብህ ጉዳይ እንደሆነ ገብቶኛል። መንገድ ሲዘጋ አውሮፕላን ይፈለጋል። ያ ፍላጎት እውነት ነው። ግን መንገዱ የተከፈተ ዕለት ይጠፋል። የአውሮፕላን ኪራይ ውል ደግሞ የሚፈረመው ለዓመታት ነው፣ በዶላርም ነው። በችግር ቀን ገበያ ላይ የዓመታት ዕዳ አይጫንም። ሁላችንም የምንጸልየው መንገዱ ሰላም እንዲሆን ነው፤ ጸሎታችን ሲሰማ የሚከስር ንግድ ውስጥ አትግቡ።

አገራችንም ይህን አይታዋለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በረራ ሲጀምር መንገድ ያልደረሰበት አገር ብዙ ነበር። ዲሲ 3 አውሮፕላኖቹ ሣር ሜዳ ላይ እያረፉ ሰው ብቻ ሳይሆን ቡናና ቆዳ ይጭኑ ነበር። መንገድ በገባበት ሁሉ መኪና ጭነቱን ወሰደ፤ ከዚያም ሰውን። ብዙዎቹ ሜዳዎች ዛሬ የግጦሽ መሬት ናቸው። ያ ውድቀት አልነበረም። አውሮፕላኑ መንገዱ እስኪደርስ ተሸክሟቸው ነበር። ዛሬ የቀሩት ከ20 የሚበልጡት የአገር ውስጥ መዳረሻዎች በአብዛኛው በመኪና ሙሉ ቀንና ከዚያ በላይ የሚወስዱት ናቸው። በዚያ ላይ የውጭ በረራውን ከሱ ለገዛ መንገደኛ የአገር ውስጡን ዋጋ ይቀንስለታል። ዋና ገቢው ረጅሙ በረራ ስለሆነ አጭሩን መሸከም ይችላል። ረጅም በረራ የሌላችሁ እናንተ በምን ትሸከሙታላችሁ?

ታዲያ ዝም እንበል ወይ ካልከኝ፣ አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ምን ላይ እንደደረሱ ልንገርህ። በ2019 ላንድላይን የሚባል ድርጅት ሚኒሶታ ውስጥ ከሰን ካንትሪ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ አውቶቡስን እንደ በረራ መሸጥ ጀመረ። ሰውየው የሚገዛው አንድ ትኬት ነው፤ የመጀመሪያው ጉዞ በአውቶቡስ፣ ሁለተኛው በአውሮፕላን። አውቶቡሱ ቢዘገይ አየር መንገዱ ኃላፊነቱን ይወስዳል። በኋላ ዩናይትድ ዴንቨር ላይ፣ አሜሪካን ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ ተቀበሉት። ግሬት ሌክስ ይበርበት የነበረው የዴንቨር አካባቢ ዛሬ በከፊል በጎማ ይመገባል።

ለደብረ ብርሃን የምመክረው ይህን ነው። ጥሩ አውቶቡስ፣ በሰዓቱ የሚነሳ፣ መርካቶ ሳይገባ በቀጥታ ቦሌ ተርሚናል በር ላይ የሚያወርድ፣ ሌሊት የሚያርፉ በረራዎችንም የሚጠብቅ። ሻንጣ ደብረ ብርሃን ላይ ተመዝኖ ተለጥፎ ቢሄድ እንዴት ያለ እፎይታ ነው! ከአረብ አገር የምትመለስ እህታችን ሦስት ሻንጣ ይዛ ላምበረት ላይ ከደላላ ጋር ስትከራከር አይቻለሁ። የናንተ ደንበኛ እሷ ናት። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ ትልቅ ኤርፖርት ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከሰሜን ሸዋ የሚሄደው ሰው ከተማውን ሁሉ አቋርጦ ማለፍ አለበት። ያኔ እንዲህ ያለ አውቶቡስ የበለጠ ይፈለጋል። በአንድ አውሮፕላን የዓመት ኪራይ ስንት አውቶቡስ እንደሚገዛ ጓደኞችህ ቁጭ ብለው ያስሉት።

ማኅበራችሁ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም አውሮፕላን ካለ፣ ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይዛችሁ ኑ። አንደኛው ከአየር መንገዱ ጋር ትኬትና ሻንጣ ለማገናኘት የተጻፈ ስምምነት ነው፤ የቃል ተስፋ አይቆጠርም። ሁለተኛው የአብራሪዎቻችሁ ጉዳይ ነው። እነማን ናቸው፣ በስንት ዓመት ውል፣ ትልቁ ድርጅት በእጥፍ ደመወዝ ሲጠራቸው በማን ትተኳቸዋላችሁ? ሦስተኛው የስድስት ወር የመንገደኛ ቆጠራ ነው። ላምበረትና ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ላይ ሰው አቁማችሁ «ቦሌ ኤርፖርት ነው የምትሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ። በበዓል ሰሞን ብቻ እንዳይሆን፤ በሐምሌም በኅዳርም ቁጠሩ። ቆጠራው ብዙ አያስወጣም፣ ለአውቶቡሱም ያው ነው የሚያስፈልገው። እሱን ላኩልኝ፣ ያለ ክፍያ አይቼ እመልስላችኋለሁ።